«ጠዋት ተነሥተው ምን ይሠራሉ?»

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ሦስት ልጆች ያሳደገ የአንድ ወዳጄ ነው። ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዳችን ምግብ ቤት ተገናኝተን፣ አንድ ትሪ ከበን ስናወጋ ፊቱ ጨለም ብሎ አየሁት። «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ብለው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረና፤

«ልጅቱ ጉድ አመጣችብኝ» አለኝ።

የሴት ልጅ አባት እንዲህ ሲል የሚታሰበው ይታወቃልና ደንገጥ አልኩ። ጉዱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የደረሰችው የመጀመሪያ ልጁ፣ የጀመረችውን የፋርማሲ መንገድ ትታ ፊዚክስ፣ ያውም የኑክሌር ፊዚክስ፣ አጠናለሁ ብላ ወስናለች። እናትና አባት ተቀምጠው ቢለምኗት፣ አጎቷ ከዳላስ ደውሎ ቢመክራት፣ ወይ ፍንክች!

«እኔ እኮ ትምህርት ጠልቼ አይደለም» አለ ወዳጄ። «ፋርማሲስት ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ መድኃኒት ይቆጥራል። ነርስም ምን እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ነርስ አግብቼ ኖሬያለሁ። እነዚህ የኑክሌር ሰዎች ግን ጠዋት ተነሥተው ምንድነው የሚሠሩት? ቦምብ ነው? ቦምብ ካልሆነስ ማን ይከፍላቸዋል? አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ በል ንገረኝ።»

እኔም እንደ ማንኛውም ጋዜጠኛ የማላውቀውን የማውቅ መስዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ግን ምን ልበል? ሒሮሺማ፣ ቼርኖቢል፣ ከዚያ ያለፈ ስንቅ አልነበረኝም። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። ሳምንቱንም ከሥራ መልስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስመላለስ ከረምኩ። ያገኘሁት መልስ ከጠበቅሁት በላይ ቅርብ ነበር። እንዲያውም ብዙዎቻችን ቆመንበት የምናውቀው ቦታ ላይ ነው።

ኮነቲከት አቬኒውን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትወጡ፣ ቫን ኔስ የምድር ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለውን ከፍታ ታውቁታላችሁ። እዚያ ዩ.ዲ.ሲ. የምንለው የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቀን እየሠራ ማታ የተማረበት ሐበሻ ጥቂት አይደለም። አለፍ ሲል ኢንተርናሽናል ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ የኤምባሲዎች መንደር አለ፤ ከእነዚያም አንዱ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። እዚያ በር ላይ ከፊላችን ወረቀት ለማሳደስ ተሰልፈናል፤ ከፊላችን መፈክር ይዘን ጮኸናል፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ያደረገ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ይህ መሬት ዩኒቨርሲቲና ኤምባሲ ከመሆኑ በፊት የአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ ግቢ ነበር። ቢሮው እንደ ስሙ ሜትሩ ስንት እንደሆነ፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ፣ ሙቀትና ብርድ በምን እንደሚለካ የሚወስን መሥሪያ ቤት ነው። በ1966 ወደ ጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ ተዛወረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ በ1956 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ ለትምህርት መጥታ በዚያው የቀረች አንዲት የቻይና ሴት ሌሊቱን እያነጋች የፊዚክስን ዓለም ያናወጠ ሥራ ሠራች። የኑክሌር ተመራማሪ ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የእርሷን ውሎ ማየት ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ቺየን ሺዩንግ ዉ ትባላለች፤ ባልደረቦቿ «ማዳም ዉ» ይሏታል። በ1912 ከሻንጋይ ብዙም በማትርቅ ሊዩሄ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ፣ ሴት ልጅ ትማር ማለት ብርቅ በነበረበት ዘመን ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ እርሷም የመጀመሪያውን ፊደል የቆጠረችው እዚያው ነው። በ1936፣ በ24 ዓመቷ፣ ወላጆቿ ሸኝተዋት ከሻንጋይ ወደብ በመርከብ ተሳፈረች። ተምራ ልትመለስ ነበር የወጣችው። በዓመቱ ጃፓን አገሯን ወረረች፤ ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ፤ እርሱ ሲያበቃ የእርስ በርሱ ጦርነት ቀጠለ፤ በ1949 ኮሙኒስቶቹ ሥልጣን ያዙ። አባቷም አትምጪ ብሎ ጻፈላት። እስቲ ይህን ታሪክ፣ የአገሩንና የሰዎቹን ስም ለውጦ፣ የራሴ ነው የማይል ስንት አንባቢ አለ?

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1940 ዶክትሬቷን አገኘች። በጦርነቱ ጊዜ ኒውዮርክ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለአቶም ቦምቡ ፕሮግራም ሠርታለች። ይህን አልደብቅም፤ ወዳጄ «ቦምብ ነው?» ማለቱ ከሜዳ የመጣ ጥያቄ አይደለም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዕድሜዋን ሙሉ የመረመረችው ሌላ ነገር ነው። በኋለኛው ዘመኗ እንዲያውም ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ በደም ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አጥንታለች።

ዋናው ሥራዋ ቤታ የሚባለው የአቶም አስኳል ለውጥ ነው። አንዳንድ አስኳሎች ባሉበት አይረጉም፤ ኤሌክትሮን ይተፉና ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ። የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ፍጥነታቸው እንዴት ያለ እንደሚሆን ኤንሪኮ ፌርሚ የተባለው ጣሊያናዊ በ1930ዎቹ በስሌት አስቀምጦት ነበር። ሙከራው ግን ከስሌቱ አልገጥም አለ፤ ዝግ የሚሉት ኤሌክትሮኖች ከሚገባው በላይ በዝተው ይታዩ ነበር። ሊቃውንቱም ስሌቱ ነው የተሳሳተው፣ የለም ልኬቱ ነው እያሉ ዓመታት ተከራከሩ።

ማዳም ዉ ወደ ክርክሩ ከመግባቷ በፊት ናሙናውን አየች። ኤሌክትሮኖቹ የሚወጡበት ቁስ አንዱ ጋ ከወፈረ፣ ከወፍራሙ ቦታ የሚወጡት ገና በመንገድ ላይ ሲጋጩ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ስስና የተስተካከለ ሽፋን ነው። ይህን በምን ያገኘችው ይመስላችኋል? በምትሠራበት የኮፐር ሰልፌት ፈሳሽ ውስጥ ቆንጥር የማጠቢያ ሳሙና ጨምራ ነው! ሳሙናው ፈሳሹ ነጠብጣብ ሆኖ እንዳይሰበሰብ አድርጎ እኩል ዘረጋው። በ1949 ልኬቱ ሲወጣ ፌርሚ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሊጡን ምጣድ ላይ ስታዞር አንዱ ጋ እንዳይወፍር፣ ሌላው ጋ እንዳይሳሳ የምትጠነቀቅ ባለሙያ ሴት ይህን ነገር ለመረዳት ዲግሪ የምትፈልግ አይመስለኝም።

የወዳጄ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጠዋት ተነሥታ ቁስ ታዘጋጃለች፣ መሣሪያ ትፈትሻለች፣ ቁጥር ትመዘግባለች፤ ከዚያ የመዘገበችውን ቁጥር አላምንም ብላ እንደገና ትቆጥራለች። በመካከሉ ክፍል ገብታ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ይፈሯት ነበር፤ ማታም ሆነ ቅዳሜ ላቦራቶሪ ብቅ ትላለች፤ ያልተገኘውን ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ተማሪዎቿ ትንሽ ለመተንፈስ ብለው፣ ከትንሹ ልጇ ጋር እንድታይ የሲኒማ ትኬት ገዝተው ሰጧት ይባላል። እርሷም አመስግና ልጁን ከሞግዚቱ ጋር ልካው ላቦራቶሪ ቀረች። ይህን ያነበበች እናት ሁሉ የምትለው አይጠፋትም። እኔ አልፈርድም፤ ሁለት ሥራ እየሠራን ልጆቻችንን በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ያየን ሰዎች በሌላው ለመፍረድ አፋችን አይደፍርም።

ወደ ቫን ኔስ እንመለስ። በ1956 የጸደይ ወራት ትሱንግ ዳኦ ሊ የሚባል የኮሎምቢያ ባልደረባዋ፣ እርሱም የቻይና ልጅ ነው፣ ቢሮዋ ድረስ መጣ። እርሱና ያገሩ ልጅ ቼን ኒንግ ያንግ የያዙት ጥያቄ ሲሰሙት የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ተፈጥሮ ግራና ቀኝ ትለያለች ወይ?

ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጣችሁ መስተዋቱን ስታዩ፣ አስተካካዩ መቀሱን በግራ እጁ የያዘ ይመስላችኋል። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግራኝ አስተካካይ በዓለም ላይ ሞልቷል። የፊዚክስ ሊቃውንትም እንዲሁ ነበር የሚያምኑት፤ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ሁሉ በእውነተኛውም ዓለም ሊሆን ይችላል፣ ተፈጥሮ ለግራም ለቀኝም አታዳላም ይሉ ነበር። ሕጉን ፓሪቲ ይሉታል። ሊና ያንግ ግን የተሠሩትን ሙከራዎች ቁጭ ብለው ሲመረምሩ፣ ቤታ በሚባለው ለውጥ ላይ ይህን ሕግ ማንም ለክቶት እንደማያውቅ ደረሱበት። ሁሉም አምኗል፤ ያየ ግን የለም። (በየምግብ ቤቱ ስለ አገራችን እርግጠኛ ሆነን የምንማማልባቸው ስንት ነገሮች እንዲህ እንደሆኑ ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ።)

ሙከራውን በእንዝርት እናስበው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሾራል። ኮባልት 60 የሚባለው ንጥረ ነገር አስኳልም እንደ ጥቃቅን እንዝርት ነው፤ ይሾራል፣ ኤሌክትሮንም ይተፋል። እንዝርቶቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አሰልፈን ብናቆማቸው፣ ኤሌክትሮኖቹ ከላይኛውና ከታችኛው ጫፍ እኩል ይወጣሉ ወይስ ወደ አንዱ ያዳላሉ? ከእንዝርቱ ጎን መስተዋት ብታቆሙ፣ በመስተዋቱ ውስጥ እንዝርቱ በተቃራኒው ሲሾር ታያላችሁ፤ ላይና ታቹ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንዱ ጫፍ ካዳሉ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው እንዝርት በእኛ ዓለም የሌለ እንዝርት ነው ማለት ነው። ሕጉ ፈረሰ!

ቀላል ይመስላል። ችግሩ እንዝርቶቹን ማሰለፉ ላይ ነው። ሙቀት ካለ ሁሉም ይንቀጠቀጣል፤ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በዓለም ላይ ሊኖር ከሚችለው የመጨረሻ ብርድ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሆነው፣ አንድ መቶኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ወደሚል ብርድ መውረድ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ኮሎምቢያ አልነበረም። ቫን ኔስ ያለው ቢሮ ግን ነበረው። ማዳም ዉ በጁን 1956 መጀመሪያ ላይ እዚያ ለሚሠራው የብርድ ሊቅ ለኧርነስት አምብለር ስልክ ደወለችና አብረን እንሥራ አለችው። እርሱም እሺ አለ። ሬይመንድ ሄይዋርድ፣ ዴል ሆፕስና ራልፍ ሀድሰን የተባሉ የቢሮው ሰዎች ተጨመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት ማዳም ዉና ባለቤቷ፣ እርሱም የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ ጄኔቫ ላይ ስብሰባ ተካፍለው ከዚያ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊጓዙ «ኩዊን ኤልሳቤጥ» በምትባለው መርከብ ቦታ ይዘው ነበር። ሁለቱም ከቻይና የወጡት በ1936 ነውና ድፍን 20 ዓመት ሆኗቸዋል። እርሷ ግን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ይህን ሙከራ መሥራት አለብኝ ብላ ጉዞውን ሰረዘች። ባለቤቷ ብቻውን ሄደ። እርሷ ወደ ኮነቲከት አቬኒው መጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት የፈጀ የእጅ ሥራ ነው። ኮባልቱ የሚያርፈው ሴሪየም ማግኒዥየም ናይትሬት በሚባል ክሪስታል ላይ ነው፤ በትልቁ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ማዳም ዉና አንዲት ተማሪዋ መጽሐፍ እያገላበጡ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ራሳቸው አሳደጉት። ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። ጥርት ያሉ አሥር ክሪስታሎች ይዛ ወደ ዋሽንግተን ስትመለስ፣ በዓለም ላይ ከእርሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው ያለ እንዳልመሰላት በኋላ ተናግራለች። ክሪስታሎቹ ኮባልቱን እንደ ቤት ከብበው እንዲቆሙ በሙጫ ተጣበቁ። በዚያ ብርድ ሙጫው አልይዝ አለ፤ ቤቱ ፈረሰ። መላው ምን ሆነ? በቀጭን የናይለን ክር አሰሩት!

ሊቃውንቱ ሙጫና ክር ሲያማርጡ፣ ቢሮው ውስጥ ሌሊትና ቀን ተቀላቀለ። መሣሪያው በፈሳሽ ሒሊየም እየቀዘቀዘ የሚፈለገው ብርድ ላይ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ስለዚህ ሆፕስ የመኝታ ከረጢቱን መሣሪያው አጠገብ መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛል፤ ብርዱ ሲደርስ፣ ሌሊትም ይሁን፣ ለሌሎቹ ስልክ ይደውላል። እነርሱም ተነሥተው ይመጣሉ። ኤሌክትሮኖቹ አንትራሲን የምትባል ስስ ክሪስታል ሲመቱ ጭል የምትል ብርሃን ትወጣለች፤ ያቺ ብርሃን ከአንድ ሜትር በላይ በሚረዝም የፕላስቲክ ዘንግ ውስጥ አልፋ ወደ መቁጠሪያው ትደርሳለች። ክሪስታሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞቅ ያ ሁሉ ድካም የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ማዳም ዉ በበኩሏ ኒውዮርክ የማስተማር ሥራ አለባትና በሁለቱ ከተሞች መካከል ትመላለሳለች። ሌሊት ሆስፒታል የምታድር፣ ቀን ኮሌጅ የምትማር፣ በአውቶቡስ ላይ የምታንቀላፋ እህታችን ይህን ኑሮ ታውቀዋለች።

በዲሴምበር ልዩነቱ መታየት ጀመረ። ኤሌክትሮኖቹ ያዳላሉ! የፈረንጆች ገና ዋዜማ ዕለት በረዶ በርትቶ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ነበርና ማዳም ዉ በመጨረሻው ባቡር ኒውዮርክ ገባች። ለሊም ልዩነቱ ትልቅ እንደሆነና ደጋግሞ እንደሚታይ ነገረችው። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ ለጋዜጣ ይደውላል። እርሷ ግን አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ዋሽንግተን ተመልሳ የራሷን ሥራ ለማፍረስ መሞከር ጀመረች። ማግኔቱን ብንገለብጠው ማዳላቱም ይገለበጣል ወይ? ይገለበጣል። ክሪስታሉ ሲሞቅና ሰልፉ ሲፈርስ ልዩነቱ ይጠፋል ወይ? ይጠፋል። ክሪስታሉ ራሱ ማግኔት ሆኖ ኤሌክትሮኖቹን እያጣመመብን ይሆን? ያም ተፈተሸ፤ አይደለም።

ጃኑዋሪ 9 ቀን 1957፣ ከሌሊቱ በፈረንጆች ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቀራቸው ጥርጣሬ አለቀ። ሀድሰን መሳቢያውን ከፍቶ የ1949 የፈረንሳይ ወይን ጠጅ አወጣ። በወረቀት ኩባያ ቀድተው ለፈረሰው ሕግ ጠጡ። ዛሬ እኛ ወረቀት ይዘን በምንሰለፍበት ሠፈር!

ውጤቱን ገና ሳይሰማ ቮልፍጋንግ ፓውሊ የተባለው ስመ ጥር ሊቅ፣ ተፈጥሮ እንዲህ ታዳላለች ብዬ አላምንም፣ እወራረዳለሁ ብሎ ለወዳጁ ጽፎ ነበር። ደግነቱ ገንዘብ አላስያዘም። በዚያው ዓመት፣ በ1957፣ የኖቤል ሽልማት ለሊና ለያንግ ተሰጠ። መስተዋቱን በስሌት የጠረጠሩት ተሸለሙ፤ እንዝርቱን በብርድ ያሰለፈችው አልተሸለመችም። የቢሮው አራት ሰዎችም እንዲሁ። ማዳም ዉ በኮሎምቢያ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው በ1958 ነው። ደመወዟ ከወንድ ባልደረቦቿ ጋር የተስተካከለላት ግን በ1975 ነው። በዚሁ ዓመት የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆናለች፤ በታሪኩ የመጀመሪያዋ ሴት። ይህን ለእህቶቻችን ስል አሰመርኩበት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወዳጄ ልጁንም ይዞ መጣ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ እዚያው ትሪ ላይ አወራሁላቸው። ልጅቱ ግማሹን ታውቀዋለች፤ የሳሙናውን ግን አልሰማችም ነበርና ሳቀች። ወዳጄ እንጀራውን ረስቶ ይሰማኛል።

«ማን ይከፍላል ላልከው ዩኒቨርሲቲውና መንግሥት ናቸው» አልኩት። «ምን ይጠቅማል እንደሆነ ደግሞ፣ ያ ኮባልት 60 ያልኩህ ንጥረ ነገር፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን በጨረሩ የታከሙበት ነው።»

ይህን ሲሰማ ቀና አለ። አንድ ዘመዱን አስታውሶ ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም። እርሱ ግን ሌላ ጠየቀኝ።

«ወላጆቿንስ አየቻቸው?»

ልጅቱም ቀና አለች። አላየቻቸውም አልኩት። በ1936 ወደብ ላይ እንደተለያዩ ቀሩ። አባቷ በ1959፣ እናቷ በ1962 ሲሞቱ ለቀብር አልደረሰችም። ቻይናን እንደገና የረገጠችው በ1973 ነው። ያኔም በባህል አብዮቱ ዘመን የወላጆቿ መቃብር እንኳ ፈርሶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዡ ኤን ላይ ተቀብሎ ስለ መቃብሩ ይቅርታ ጠየቃት። እርሷ በ1997 ኒውዮርክ ላይ ስትሞት አመዷ ወደ ሊዩሄ ተወሰደ። የተቀበረችውም አባቷ በከፈተው ትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ወዳጄ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ ያረፈች ዕለት ስልኩ የመጣልኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ ስልኩን ዘግቼ ተረኛው እስኪመጣ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሠርቻለሁ። ያን ዕለት የሠራሁትን ሥራ አንድም ሰው አያስታውሰውም። የማዳም ዉን ታሪክ ሳነብ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እርሷም እኔም ቀብር ቀርተናል። የእርሷ ሌሊት ግን ከ1957 ወዲህ በተጻፈው የፊዚክስ መጽሐፍ ሁሉ አለ። ልጆቻችን ሥራ ሲመርጡ እኛ የምንጠይቀው ስንት ይከፍላል ብለን ነው። ይህ ስሕተት ነው አልልም፤ የተራበ ሰው ጥያቄ ነው። ግን እኛ አገርና ወላጅ ከፍለን ያመጣናቸው ልጆች፣ ከልባቸው የሚያነጉበት ሥራ ሲያገኙ «ፋርማሲ ይሻልሻል» ብለን ብንመልሳቸው፣ የከፈልነው ምን ሊገዛልን ነው?

መጀመሪያ የተናገረው ወዳጄ ነው።

«እኔም አባቴን በስልክ ነው የቀበርኩት» አለ። «ታክሲ ስለነዳሁ አይደለም። ሴትየዋንም ወላጆቿን የነሣት ፊዚክሱ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና «ስሚ፤ እሑድ እሑድ ለእናትሽ ትደውያለሽ» አላት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ከእናንተ ጋር አንድ ቤት ነው የምኖረው!» አለች።

«አሁን ነው እንጂ! ሌሊት ሌሊት ክሪስታል ማሳደግ ስትጀምሪማ ማን ያገኝሻል?»

ሦስታችንም ሳቅን። ሒሳቡን እርሱ ከፈለ፤ ለመሸነፉ ማስታወሻ ይሁን ብዬ አልተግደረደርኩም። ሲሸኘኝ በኮነቲከት አቬኒው ነዳና ቫን ኔስ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ሰው ሳወርድና ስጭን ኖሬያለሁ» አለ፣ ከመስኮቱ ወደ ጨለማው እያየ። «የትኛው ጋ ነበር?»

እኔ አላወቅሁም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅቱም አላወቀችም። እርስዎም ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ኤምባሲው በር ላይ ሰልፍ ሲረዝምብዎ፣ እግረ መንገድዎን ዙሪያውን ቃኘት ያድርጉ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።